ግቤ ላይ ራፍቲንግ (በሚነፋ ጀልባ ወንዝ መውረድ) አስበናል፣ ከጅማ ነው የምንነሳው፣ የሚያውቅ ሰው ካለ?

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዘጠኝ ነን፣ አብረን የተማርን ልጆች፣ አብዛኞቻችን ጅማ ነው የምንሰራው፣ ሁለቱ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። በተገናኘን ቁጥር ያው ፈረንጅ አራዳ ማኪያቶ፣ ቢበዛ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ወጥተን ፎቶ ተነስተን መመለስ ነው፣ ሰለቸን። ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ግቤ ላይ ራፍቲንግ እናድርግ ተባባልን። ያሰብነው እንዲህ ነው፣ በሌሊት ከጅማ ወጥተን የአበልቲን ቁልቁለት ወርደን ግቤ ድልድይ ስር ጀልባ ነፍተን እንገባለን፣ ሁለት ሌሊት ወንዝ ዳር እናድራለን፣ በሦስተኛው ቀን ታች ከሶዶ ወደ ጭዳ የሚሄደው መንገድ ወንዙን የሚያቋርጥበት ድልድይ ጋ እንወጣለን። ያንን ገደል ከመኪና መስኮት እያየን ነው ያደግነው፣ አንዴ ደሞ ከታች ሆነን ሽቅብ ብናየውስ። ጥያቄዬ ጀልባ የት ይከራያል፣ ወሩስ ጥሩ ነው ወይ ነው። (አንዱ ጓደኛችን የአይሱዙ ከመነዳሪ አራት አምስት አንድ ላይ አስረን ጣውላ እናነጥፍበታለን እያለ ነው፣ ከምሩን ነው ደሞ።)

ቡና ጠጡ፦
ጣውላ ምን ያደርጋል የጅማ ሶፋ ጫኑበት፣ ተመቻችታችሁ ትሰምጣላችሁ ሃሃሃሃ

ቀዛፊው፦
ቀልዱ ይቆየንና ወንድሜ የከመነዳሪውን ነገር ከአሁኑ ዝጉት። እኔ አዋሽ ላይ ቱሪስት ይዘው ከሚወርዱ ልጆች ጋር በረዳትነት ሰርቻለሁ ትንሽ የማውቀውን ልንገርህ። የራፍት ጀልባ ከሩቅ ሲያዩት ጎማ ይመስላል እንጂ ውስጡ የተከፋፈለ ነው፣ አንዱን ክፍል ድንጋይ ቢቀደው ሌላው ያንሳፍፈዋል፣ ወለሉም የገባውን ውሃ በቀዳዳ መልሶ ያስወጣል። ከመነዳሪ ግን አንዴ ከተቀደደ አበቃ፣ ሳይቀደድም ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ ወደፈለግከው አይታዘዝልህም፣ ከሁሉ የባሰው ደሞ ገመዱ ነው፣ የተገለበጣችሁ ቀን እግር ላይ ይጠመጠማል። ወንዝ ላይ ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ ውሃው ስለበረታ ብቻ አይደለም እግሩን የሆነ ነገር ስለያዘበት ነው፣ ወይ ገመድ ወይ ሁለት ድንጋይ መሃል ወይ የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፍ።

ወሩን በተመለከተ፣ ወንዝ በዚህ ሥራ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል፣ 1 ዝም ብሎ የሚሄድ ውሃ ነው፣ 6 ማለት ባለሙያም አይሞክረው የሚባለው ነው፣ እንደናንተ ላለ ጀማሪ በጋይድ 2 እና 3 ይበቃል። ግን ደረጃው ወንዙ ላይ ተለጥፎ አይቀርም፣ ያው አንድ ቦታ ክረምት ሲሞላ 4 ሆኖ ታኅሳስ ላይ 2 ሊሆን ይችላል። ግቤ ነሐሴ ላይ ሙሉ ነው፣ መስከረምም ገና አልጎደለም፣ ውሃው ቡናማ ነው ድንጋዩ አይታይህም፣ ከላይ ግንድ ይዞ ይመጣል። ጥቅምት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ይሻላል። ጥር የካቲት ደሞ በጣም ይጎድልና ጀልባውን ድንጋይ ለድንጋይ መጎተት ይሆናል ሥራችሁ።

መውጫችሁ ላይ ግን ትልቅ ችግር አይቻለሁ፣ እስኪ ስለ ግድቡ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ይናገር።

ውሃ ልክ፦
መጣሁ። የግድብ ሥራ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ ስለዚህ ይሄ ጉዳይ ሲነሳ ዝም ማለት አልችልም።

አንደኛ ስሙን እንለይ ምክንያቱም ጅማ ውስጥ ራሱ ብዙ ሰው ያቀላቅለዋል። አሰንዳቦን አልፋችሁ ወደ ሰኮሩ ስትሄዱ የምታዩት ሰፊ ውሃ የግልገል ግቤ ግድብ ነው፣ ግቤ 1 የሚባለው፣ 184 ሜጋ ዋት፣ ሥራ የጀመረው በ1996 ነው። የዚያ ውሃ ተርባይኑን ካዞረ በኋላ በተራራው ሆድ ውስጥ በተቦረቦረ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ተወስዶ ትልቁ ወንዝ ዳር ላይ ይወርዳል፣ ያ ግቤ 2 ነው፣ 420 ሜጋ ዋት። አበልቲ ስር ያለው ድልድይ ግን ትልቁ ግቤ ላይ ነው፣ እሱ ነው ወደ ታች ሄዶ ከጎጀብ ጋር ተገናኝቶ ኦሞ የሚባለው።

ሁለተኛ፣ ሶዶ ጭዳ መንገድ ድረስ በሦስት ቀን ያልከው። ወንድሜ መሃል ላይ ግቤ 3 አለ እኮ! ቁመቱ ከ240 ሜትር በላይ የሆነ ግድብ ነው፣ 1870 ሜጋ ዋት፣ በታኅሳስ 2009 የተመረቀው፣ ከኋላው የተኛው ውሃ ወደ ላይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የድሮው የሶዶ ጭዳ መንገድ ራሱ ውሃ ስለሚበላው ነው ሌላ መንገድና ድልድይ የተሠራው። የድሮ ካርታ ላይ ወንዝ ብሎ የሚያሳያችሁ አሁን ሐይቅ ነው፣ ሐይቅ ላይ ደሞ የሚወስዳችሁ ጅረት የለም፣ ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣባችሁ ቀኑን ሙሉ ቀዝፋችሁ ምሳ የበላችሁበትን ዛፍ ማታም ታዩታላችሁ። ከድልድዩ እስከ ሐይቁ ራስ ባለው ደሞ ገደል ነው፣ በመሃል ሰው ቢጎዳ መኪና የሚደርስበት የለም፣ ኔትወርክም አትጠብቅ።

የጅሬን ልጅ፦
@ውሃ ልክ አመሰግናለሁ ጌታዬ፣ ስለ ሐይቁ አውቃለሁ ግን ይሄን ያህል ወደ ላይ ይመጣል ብሎ ማን ይገምታል። ታዲያ ግቤ 2 ጣቢያ ጋ መንገድ ይወርዳል ሲባል ሰምቻለሁ በፎፋ በኩል፣ እዛ ብንወጣስ?

ውሃ ልክ፦
መንገዱ አለ፣ ግን እሱ የኃይል ማመንጫ ነው፣ ጥበቃ ያለበት ቦታ፣ ከወንዝ ውስጥ ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት ያደረገ ዘጠኝ ሰው እየጮኸ ብቅ ሲል ቡና አፍልተው አይቀበሏችሁም። አስቀድሞ በደብዳቤ ካልተፈቀደ አይታሰብ። ደሞ ሌላ ነገር፣ ጣቢያ ካለበት በታች ወንዙ የሚታዘዘው ለዝናብ ብቻ አይደለም፣ ማታ አገር ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ተርባይን ይጨመራል፣ ተርባይን ሲጨመር ውሃ ይለቀቃል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ እየታየ ወንዙ ሊነሳ ይችላል። አሸዋ ላይ ድንኳን ተክሎ መተኛት ሲያዩት ያምራል፣ ለእንዲህ ያለ ወንዝ ግን አይሆንም።

የአበልቲው፦
እንደምን አላችሁ ልጆች። እኔ ስልክ ላይ ብዙ አልጽፍም ግን የሰፈሬ ነገር ሲነሳ ዝም አልልም። ድሮ በልጅነታችን ድልድዩ ጋ ፈረንጆች በላንድሮቨር ይመጡና ቀኑን ሙሉ ጀልባ ሲነፉ ይውሉ ነበር። እኛ ከብት ጥለን እናያቸዋለን። ሳጥን ሙሉ ምግብ ይጭናሉ፣ ከዛ ይገቡና በመታጠፊያው ይጠፋሉ፣ ሲመለሱ ግን አይተን አናውቅም። ውሃ በልቷቸዋል ነበር የሚሉት እናቶቻችን። በኋላ ነው በታች በኩል ወጥተው በሌላ አገር እንደሚሄዱ የሰማነው።

ቡና ጠጡ፦
ጋሼ ይሄን ታሪክ እስከዛሬ የት ደብቀውት ነው 😂 ይጨምሩልን በናትዎ

መዝገብ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ የተመዘገበም ታሪክ ነው። ኦሞን ለመጀመሪያ ጊዜ በራፍት የወረዱት በፈረንጆቹ 1973 ሪቻርድ ባንግስ የሚባል አሜሪካዊና ጓደኞቹ ናቸው። በዛው ዓመት ያቋቋሙትን የጉዞ ድርጅት ሶቤክ አሉት፣ የጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ ስም ነው፣ ኦሞ ላይ አዞው አሳስቧቸው ስለነበር እሱን ለመለማመጥ ይመስላል። ከዛ በኋላ ለብዙ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከዚሁ ከግቤ ድልድይ እየተነሱ ሳምንታት የሚፈጅ ጉዞ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ዓለም ላይ ከታወቁ የጉዞ ድርጅቶች አንዱ የጀመረው እዚህ ከጅማ መንገድ ዳር ነው ማለት ይቻላል፣ እኛ ግን ድልድዩን የምናውቀው በሙቀቱና በሸንኮራው ነው።

አባይም ላይ በ1968 እንደ ፈረንጆቹ በብላሽፎርድ ስኔል የሚመራ የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን በንጉሡ ፈቃድ ወርዶ ነበር፣ በክረምት ሙላት ነው የገቡት፣ አንድ ሰው ሰጥሞባቸዋል። ወታደር፣ ሐኪም፣ ሬዲዮ፣ አውሮፕላን ሁሉ ይዘው ነው ይሄ የሆነው።

እህተ ማርያም፦
እኔ ከዘጠኙ አንዷ ነኝ ለማስታወቅ ያህል 🙋 ዋና አልችልም። ጓደኞቼ ችግር የለም ላይፍ ጃኬት አለ ይላሉ ማንን ልመን?

ቀዛፊው፦
እህቴ ጓደኞችሽ በዚህ እንኳ ልክ ናቸው። ዋና የማይችል ሰው በደረጃ 2 እና 3 ውሃ ላይ ይሄዳል፣ እንዲያውም ዋና እችላለሁ ባዩ ነው የሚያስቸግረን፣ ጃኬቱን ያላላል ሄልሜቱን ያወልቃል። ዋናው ጃኬቱ ልክሽ መሆኑ ነው። ለብሰሽ ሁሉንም ማሰሪያ አጥብቀሽ ትከሻው ላይ ያለውን ይዞ ሰው ወደ ላይ ይጎትትሽ፣ ጃኬቱ አገጭና ጆሮሽ ድረስ ከመጣ ሰፍቶሻል ቀይሪው። ለሐይቅ ሽርሽር የሚሰጡት ስስ ብርቱካናማው ጃኬት ለዚህ አይሆንም ወፍራሙን ጠይቂ።

ከጀልባ ከወደቅሽ፣ ሁላችሁም አንብቡት ይሄን፣ ጀርባ ላይ መንጋለል ነው፣ እግር ወደፊት ማለት ውሃው ወደሚሄድበት፣ የእግር ጣትሽ ከውሃው በላይ ይታይሽ። ድንጋይ ሲመጣ በእግርሽ ትገፊዋለሽ በጭንቅላትሽ አይደለም። እና ውሃው ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆንም እየሮጠ ከሆነ ለመቆም አትሞክሪ፣ እግር ድንጋይ ስር ይገባል ውሃው ከኋላ ይገፋሻል በዛው በጉልበት ውሃ ሰው ይሰምጣል። ገመድ ሲወረወርልሽ ገመዱን ያዢ እንጂ ክንድሽ ላይ አትጠምጥሚው፣ ይዘሽ ተንጋለይ ፊትሽን ከወርዋሪው አዙረሽ፣ ውሃው ራሱ ወደ ዳር ያወዛውዝሻል።

ትዕዛዙ ቀላል ነው፣ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ አቁም፣ ዝቅ በል። ችግሩ ሰው ሲፈራ መቅዘፉን ይተዋል፣ ያን ጊዜ ነው ጀልባው የሚገለበጠው። ስትፈሪ ቅዘፊ።

እህተ ማርያም፦
ስትፈሪ ቅዘፊ 😭😭 እሺ

ሲስተር ከሂርማታ፦
እናንተ ስለ ውሃው ብቻ ታወራላችሁ እኔን የሚያሳስበኝ የምትመለሱበት ሁለተኛው ሳምንት ነው። ጅማ 1700 ሜትር ላይ ተቀምጣችሁ ግቤ ድልድይ 1100 አካባቢ ትወርዳላችሁ፣ ሌላ አገር ነው። መስከረም እስከ ታኅሳስ ደሞ የወባ ዋናው ወቅት ነው፣ እናንተ ደሞ የመረጣችሁት ያንን ወር ነው፣ የግድ ከሆነ እሺ ግን፦ አጎበር ሳትይዙ አትሂዱ፣ ድንኳን ዚፕ አለው ብላችሁ አትመኑ ሰው ሽንት ሲወጣ ሲገባ ይከፈታል። ከመሸ በኋላ ረጅም እጅጌና ሱሪ። መከላከያ ኪኒን የምትፈልጉ ካላችሁ ሐኪም አናግሩ፣ ዶክሲሳይክሊን ከሆነ የሚታዘዝላችሁ ከጉዞ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ከተመለሳችሁ በኋላ አራት ሳምንት ይወሰዳል፣ ደኅና ነኝ ብሎ ማቆም የለም። ነፍሰ ጡር አትወስድም። ከተመለሳችሁ ከሳምንት ጀምሮ ትኩሳት ከመጣ ድካም ነው ብላችሁ አትተኙ በዛው ቀን ተመርመሩ፣ ግቤ ወርደን ነበር ብላችሁ ንገሩ።

ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። እሱ የሚራባው ቀንድ አውጣ ባለበት ረጋ ባለ ዳርቻ ላይ ነው፣ የሚፈላው መሃል ወንዝ ላይ ሳይሆን እናንተ ምሳ በልታችሁ እግራችሁን የምትዘፈዝፉበት ቦታ ላይ። ቆዳ ነው በስቶ የሚገባው መጠጣት አያስፈልገውም። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ፣ ከተገኘ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል አለ ይድናል። ወዲያው በማግስቱ መጥታችሁ መርምሩኝ ማለት ጥቅም የለውም አይታይም።

ውሃውን ደሞ አትጠጡ፣ ከከተማና ከእርሻ የታጠበ ሁሉ እዛ ነው የሚገባው።

የአበልቲው፦
ሲስተር ያለችው እውነት ነው። እኔ የምጨምረው የገንዲ ዝንብ (ጼጼ የሚሉት) አለ። ከብት ይጨርሳል፣ ሰውንም ሲነክስ በልብስ ላይ ያልፋል። ድሮ ለምርምር እያሉ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ወጥመድ ይሰቅሉለት ነበር፣ ዝንቡ እነዛን ቀለሞች ይወዳል። እናንተም ሰማያዊና ጥቁር አትልበሱ።

ቡና ጠጡ፦
ዘጠኛችሁም ጥቁር ቲሸርት ነው ያሳተማችሁት አይደል? የጅሬን ልጅ እውነቱን ተናገር

የጅሬን ልጅ፦
ሰማያዊ ነው 🤦 ገና አልታተመም ግን፣ ይቀየራል። ጉማሬስ? የግቤ ጉማሬ ሲባል እሰማለሁ። እዚህ ጅማ ቦዬ ረግረግ ያሉትን ከሩቅ አይቻቸዋለሁ ጀልባ ላይ ሆኜ ግን ማየት አልፈልግም።

ቀዛፊው፦
ከአዞ ይልቅ እሱን ነው ጋይድ የሚፈራው። ቀን ጥልቁ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ሣር ሊበላ ይወጣል። የሚያስፈራው መንገዱን ስትዘጋበት ነው። ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ጥልቁ ነው፣ አንተ በእሱና በጥልቁ መሃል ካለህ የሚያልፈው በላይህ ነው። ስለዚህ መታጠፊያ ላይ ስትደርሱ ጀልባውን በመቅዘፊያ እየመታችሁ ድምፅ አሰሙ፣ እንዲያውቃችሁ፣ ካያችሁት ጥልቁን ለእሱ ትታችሁ ጥልቀት በሌለው ውሃ በኩል በሌላው ዳር እለፉ። አንዱ ራስ ወጥቶ ከጠለቀ አለመታየቱ ሄደ ማለት አይደለም፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ለካምፕ ደሞ ዳሩ ላይ እንደ ቦይ የተረገጠ መንገድ ካያችሁ የእሱ መውጫ ነው፣ እዛ ድንኳን አትትከሉ። አዞው ረጋ ያለ ውሃ ይወዳል፣ እዛ ላይ እጅና እግር ወደ ውሃ ማንጠልጠል የለም፣ ማታ ወንዝ ዳር ዕቃ ማጠብ የለም።

ሸገር ማዶ፦
ይቅርታ ግን ይሄን ሁሉ አንብቤ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፣ ለምንድነው አዋሽ የማትሄዱት? እዛ የለመዱ ሰዎች አሉ፣ ጀልባው አለ፣ ውሃውም ቆቃ ግድብ ስለሚቆጣጠረው በጋም አይደርቅም። ቅዳሜ ሄዶ እሁድ መመለስ ነው።

የጅሬን ልጅ፦
ለሸገር ልጅ እሁድ መመለስ ነው፣ እኛ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ፣ ከዛ እንደገና አዋሽ፣ ጉዞው ብቻ እረፍቱን ይበላዋል። ወላሂ ደሞ እልህም አለበት፣ ከአገሩ ግማሹ ወንዝ የሚነሳው ከኛ ደጋ ነው፣ ግቤ፣ ጎጀብ፣ ዴዴሳ፣ ታዲያ ውሃ ፍለጋ ቆላ ለቆላ ሌላ ክልል እንሂድ?

ሸገር ማዶ፦
እልህ ላይፍ ጃኬት አይሆንም ወንድሜ

ወገን ከዳውሮ፦
አይ ጅማዎች፣ እኛ ጋ ለምን አትመጡም። ሃላላ ኬላ አለ፣ በገበታ ለሀገር የተሠራው፣ ግቤ 3 ሐይቅ ዳር። ገደሉ ውሃ ሞልቶት ቁጭ ብሎ ማየት ነው፣ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ደሞ ዝሆን አለ። ራፍቲንግ ባይሆንም እይታ ፈለጋችሁ ካላችሁ ከዚህ በላይ የለም።

የጅሬን ልጅ፦
@ወገን ከዳውሮ ኢንሻአላህ እንመጣለን ግን ከቤተሰብ ጋር ነው። ልጆቹ መርጠብ ነው የሚፈልጉት።
ጎጀብስ? ሸቤን አልፈን ቦንጋ መንገድ ላይ ድልድዩ አለ፣ ቅርብ ነው፣ በለጠ ጫካንም እግረ መንገድ እናያለን።

ውሃ ልክ፦
ጎጀብ ጥሩ ወንዝ ነው ግን ውሃው ከከፋ ደጋ ነው የሚመጣው፣ እዛ ደሞ ዝናቡ እንደኛ መስከረም ላይ ተጠናቀቀ ብሎ አይሰናበትም። እናንተ ድልድዩ ጋ ፀሐይ እየሞቃችሁ ላይ ላይ ቦንጋ ዘንቦ ከሰዓት ሊመጣባችሁ ይችላል። የትኛውም ወንዝ ጋ ብትሄዱ ስትደርሱ ውሃው ዳር ያለ ድንጋይ ላይ በኖራ ወይ በጭቃ ምልክት አድርጉ፣ ምሳ በልታችሁ ተመልሳችሁ እዩት። ምልክቱን ውሃ ከሸፈነው የዛን ቀን መግባት የለም፣ ክርክርም የለም።

ቀዛፊው፦
እኔ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሁላችሁም ድልድዩን መግቢያ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት፣ ፈረንጆቹ እንደዛ ስላደረጉ። እነሱ ሳምንታት የሚበቃ ስንቅ ይዘው ታች ድረስ ነው የሚሄዱት መውጫቸው ሩቅ ቢሆን ግድ የላቸውም። እናንተ የአንድ ቀን ሰዎች ናችሁ። ድልድዩን መውጫ አድርጉት! ከድልድዩ በላይ ወደሆነ ቦታ ጀልባውን አጥፋችሁ ወስዳችሁ፣ እዛ ነፍታችሁ፣ ወደ ድልድዩ ውረዱ። መኪናው ድልድዩ ጋ ይጠብቃል፣ አስፋልት አለ፣ ኔትወርክ ይገኛል፣ ሰው ቢጎዳ ወልቂጤ ወይ ጅማ ይወሰዳል። ድልድዩን ካለፋችሁ ወደ ገደሉ ስለምትገቡ ከድልድዩ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ሰው ገመድ ይዞ ዳር ላይ ይቁም፣ እንዳታልፉት። ጥያቄው ከላይ መውረጃ መንገድ አለ ወይ ነው።

የአበልቲው፦
አለ እንጂ። ከብት ውሃ የሚወርድበት መንገድ ነው፣ ለመኪና አይሆንም፣ ለአህያ ይሆናል። ጀልባው ስንት ኪሎ ነው?

ቀዛፊው፦
ጋሼ የስድስት የሰባት ሰው የሆነው ተጠቅልሎ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ይደርሳል። ዘጠኝ ሰውና ጋይዶቹ ስለሆኑ ሁለት ጀልባ ነው የሚያስፈልገው፣ አንድ ጀልባ ብቻውን ወንዝ ላይ መውጣትም ጥሩ አይደለም፣ አንዱ ሲገለበጥ ሌላው ነው የሚለቅመው።

የአበልቲው፦
ታዲያ ሁለት ሦስት አህያ ይበቃል። የመንደሩ ልጆች አሉ በክፍያ ያወርዱላችኋል፣ ኑ ብቻ። ግን ቀድማችሁ ከቀበሌው ጋር ተነጋገሩ፣ የማይታወቅ ሰው ጥቅል ጭኖ ወደ ወንዝ ሲወርድ ሰው ምን ይላል።

ውሃ ልክ፦
አሁን ነገር ገባችሁ። ከድልድዩ በላይ ሲሆን የግድቦቹም ጣጣ የለባችሁም፣ ሦስቱም ጣቢያዎች ውሃቸውን የሚለቁት ከዛ በታች ነው። ዝናቡን ብቻ ነው የምትጠብቁት።

እህተ ማርያም፦
እና ሁለት ሌሊት ማደሩ ቀረ? እኔ ለእሳቱ ዙሪያ ነበር የምሄደው እውነት ለመናገር

የጅሬን ልጅ፦
አልቀረም፣ እናድራለን ግን ወንዝ ዳር ሳይሆን አበልቲ ላይ፣ ደጋው ላይ፣ ገደሉ ከላይ እየታየ። ሲስተርም ደስ ይላታል ወባው ይቀንሳል።

ሲስተር ከሂርማታ፦
ይቀንሳል አልጠፋም፣ አጎበሩ አይቀርም።

የጅሬን ልጅ፦
እሺ ሲስተር። በቃ እስካሁን የተስማማነው፣ ከመስቀል በኋላ የሚለው ተሰርዞ ጥቅምት መጨረሻ ሆኗል። ቡናቸውን የሚያስለቅሙ ሁለት ልጆች አሉ ከአጎራባች ወረዳ፣ ጥቅምት መጨረሻ ለቀማ ነው አንችልም ብለው ነበር፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሆነ ሰው ተክተን እንመጣለን ብለዋል። አዲስ አበባ ካሉ ራፍት ካላቸው ሰዎች ጋር እየተነጋገርን ነው፣ ዋጋ የሚጠይቁት በቡድን ነው፣ ጋይዱ ቀድሞ አንድ ቀን መጥቶ ውሃውን ከላይ እስከ ድልድዩ በእግር ሳያይ ሰው አላስገባም ብሏል፣ የእሱንም አበል እኛ ነን የምንችለው። መጀመሪያ አንዱ ልጅ ገንዘብ ለመቆጠብ ይቅር ብሎ ነበር ስምንታችን ተነሳንበት።

ቀዛፊው፦
ይሄን ያለ ጋይድ አትልቀቁት። አያስፈልግም እኔ አውቀዋለሁ የሚል ቢመጣ ነበር መፍራት።

አንድ ነገር ጠይቁት፣ መወርወሪያ ገመድ ስንት አለህ በሉት፣ በየጀልባው አንድ ዳር ላይ ደሞ አንድ ካለው ጥሩ ነው። ሄልሜት በሰው ቁጥር ይሁን። መነጽር የምታደርጉ በክር ከኋላ እሰሩት። ጫማ ማሰሪያ ያለው ስኒከር እንጂ ሸበጥ አይሆንም ውሃው ይወስደዋል። ጂንስ ከረጠበ አይደርቅም ይከብዳል፣ ቱታ ልበሱ። ስልክ ድራይ ባግ (ውሃ የማያስገባ ከረጢት) ውስጥ ከገባ በኋላ ሴልፊ ብሎ ማውጣት የለም፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ድልድዩ ላይ ይቁም ከላይ ነው የሚያምረው።

ቡና ጠጡ፦
ድልድዩ ላይ የሚቆመው እኔ ነኝ። ተመድቤያለሁ። ስንቅም እኔ ልያዝ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ሥጋ ነገር አልይዝም ሙቀቱ ያበላሸዋል። ጀበናና ረከቦት ግን የግድ ነው፣ ጅማ ሆነን ቡና ሳናፈላ ወንዝ ወረድን ቢባል ያሳፍራል።

ታች ሾፌር፦
ከላይ ጀምሮ እያነበብኩ ነው፣ ኮስትሩን የማመጣው እኔ ነኝ። ከጅማ ሌሊት 10 ሰዓት ካልወጣን አይሆንም፣ ሰኮሩ ላይ ከባድ መኪና ከቀደመን ቁልቁለቱን ሁሉ ከኋላው እየተንፏቀቅን ነው የምንወርደው፣ ፍሬኑ ሲሸት ትሰሙታላችሁ። ስወርድ በማርሽ ነው የምወርደው ፍጠን የሚለኝ ሰው ከአሁኑ ይቅር። ጣራ ላይ ሁለት ጥቅል ጀልባ ይችላል ግን ሸራ አምጡ። ጤዛም ቢሆን አፍ ያለው ዕቃ ከላይ አልጭንም።

የጅሬን ልጅ፦
ሸራው ከእኔ። ሌሊት 9 ተኩል ሁሉም ፈረንጅ አራዳ ይገኝ፣ የባጃጅ ችግር ያለበት ማታውኑ ይንገረኝ እየዞርኩ እለቅማለሁ።

ታች ሾፌር፦
ፈረንጅ አራዳ አስፋልቱ ላይ አልቆምም፣ ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ ጠብቁኝ። 10 ሰዓት ከአምስት ላይ እነሳለሁ፣ የቀረ ሰው ሰርቦ ድረስ በሌላ ይድረስብን።

እህተ ማርያም፦
ቀዛፊው ግን አንተስ አትመጣም እንዴ?

ቀዛፊው፦
ቦታ ካላችሁ መቅዘፊያዬን ይዤ ነው የምመጣው። ሳይዜ ትልቅ ነው ጋይዱ ሰፊ ጃኬት እንዲጨምር ንገሩልኝ።